ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ

ዊኒፔግን ውርጭ ውጧታል።
በምድር ቤቴ መስኮት የሚታየኝ
በረዶ የሚረግጥ የጎረቤት ቦት ጫማ ብቻ ነው።
ስልኩ ይጠራል። መለያ ቁጥሬን እሰጣለሁ፣
መሐላዬን እደግማለሁ፦
የሰማሁትን ሁሉ እላለሁ፣
ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፤
«እኔ» ስትይ፣ «እኔ» እላለሁ።

ጥሪው ከብራንደን ነው። ክሊኒክ። ዶክተር ፍሪሰን፣
እና ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ስልሳ አንድ ዓመቷ፣
ከአሳማ ፋብሪካው፣ ከቢላዋው መስመር።
«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»
ዝም አለች። ዝምታ አይተረጎምም፤
ቆጠርኩት ግን፤ አራት ትንፋሽ።
«ውቃቢዬ ርቆኛል» አለች።

አይ ጉድ።
ይህን ቃል እኮ እንደ ሳንቲም ነው የምጥለው፤
ውቃቢ የራቀው እላለሁ፣ ሰው ያጣ ምግብ ቤት ሳይ፣
ወይ ሠርግ ሲቀዘቅዝ፤
ውስጡ ነዋሪ እንዳለ አስቤ አላውቅም።
መልአክ ልበል? ክንፍ አወጣሁለት።
ጋኔን ልበል? ቀንድ አበቀልኩበት።
ስሜት ልበል? ኪኒን አሳዘዝኩበት።
ብዕሯ ሲጠብቅ ይሰማኛል።
እንዳለ ሰጠኋት፦ ውቃቢ።
እንግሊዝኛው መሐል እንደ ጠጠር ወደቀ።
«ማን ነው እሱ?» አለች።
ምንድን ነው፣ አላለችም።

ደብሪቱ ተናገረች፣ እኔም እኔ አልኩ፦
«እኔ ከእናቴ ወረስኩት፣ እናቴ ከእናቷ፤
ከቦረና ሳይንት ነው። ስሙን በስልክ አልጠራም።
በግራ ትከሻዬ ነው የሚቀመጠው።
ሲመጣ ያዛጋኛል፤ ሲቆጣ ወገቤን ይይዛል፤
ምሱን ሲያገኝ፣ ሽቶውን፣ ገብስማ ዶሮውን፣ ደህና ቃል፣
ስንቱን በሽተኛ አስታሞ ያድር ነበር።
ዛር ባሕር አይሻገርም ይሉ ነበር፤ የእኔ ተሻገረ፣
ያለ ቪዛ፣ ያለ ወንበር።
አራት ክረምት ብርዱን ቻለው፣
እጄ እርያ እስኪነካ ድረስ።
እርያ አይወድም። አያቶቼም ሁሉ አይወዱም።
ታጥቤ፣ ታጥቤ፣ ሳሙናው አለቀ እንጂ ሽታው አላለቀም።
አሁን ትከሻዬ ቀሎኛል፣ ዶክተር።
ቅለቱ ነው ያመመኝ።»

እናቴ ጌታን የተቀበለች ጊዜ
የአያቴን ጨሌ ጋዝ አርከፍክፋ ለኮሰችው።
ዶቃ አይነድም፤
ሲፈነዳ ሰማሁት፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣
ስድስት ዓመቴ ነበር።
ስለዚህ ያ «እኔ» አፌን ፈጀኝ፤
የእሷ ነው፤ የእሷም አይደለም፣ የእሱ ነው፤
እኔን መንገድ አድርጎ ያልፋል።
እንዲህ ያለውን የዛር ፈረስ ይሉታል፦
ሌላው የሚጋልበው፣
ላቡን ግን እሱ የሚያልበው።
በደቂቃ ሰማንያ ሳንቲም የሚከፈለው ፈረስ።

«አለርጂ አለብሽ?» ቅጹ ላይ ያለ ጥያቄ ነው።
«እኔስ የለብኝም። እሱ ነው ያለበት።»
ተረጎምኩ።
መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ፤
«ለፋብሪካው እጽፋለሁ» አለች፣
«ከሥጋ ንክኪ ትራቅ፣ ወደ ካርቶን ክፍል ትዛወር፤
ምክንያት፦ አለርጂ።»
ቀስ ብላ ደግሞ፣
«የማን እንደሆነ አልጽፍም።»

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጥሪው መልሶ እኔ ላይ ወደቀ፤
ዕጣ ነው ይላል ድርጅቱ።
«ካርቶን አጥፋለሁ። ካርቶን ንጹሕ ነው።
ትናንት ሌሊት አዛጋኝ፤ ትከሻዬም ከበደኝ፣
እሰይ፣ ከበደኝ።
ዶሮው ግን ከየት ይምጣ?»
«ምን ዓይነት ዶሮ?» አለች ዶክተሯ።
ገብስማን በምን አባቴ ልተርጉመው?
ዝናብ ያፈራረቀው አመድ አልኩ፤ ይህችን ጨመርኩ፣
ይቅር ይበለኝ።
«አጎቴ እርሻ ላይ እንደዚያ ያለ አለ» አለች።

ስልኩ ተዘጋ። የደቂቃው ሒሳብ ቆመ።
ማዳመጫውን አውልቄ «እኔ» አልኩ፣
ለማንም ሳይሆን፣ ልፈትነው ብዬ፤
ማን እንዳለው አልለየሁም።
ከዚያ አዛጋኝ።
ደክሞኝ ይሆናል፤ ሌሊቱን ስሠራ ነው ያደርኩት።
በግራዬ ካለው ወንበር ላይ ግን
ኮቴን አነሣሁ።